ባዳቾ ተራውን ሲረሳ

ባዳቾን አጭበርባሪ ብዬ የሰደብኩት ጥምቀት በዋለ በሳምንቱ፣ ረፋድ ላይ፣ አራት ሰዓት ከሃያ ሲል ነው። ሰዓቱን የማውቀው ስለጻፍኩት ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው፣ እሱ ጡረታ ቢወጣም እጁ ጡረታ አይወጣም። ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጥርሴም ሰው ሠራሽ ነው። የምመዘግበው ፋይል ስለሌለ ከባዳቾ ጋር የምንጫወተውን ዳማ እመዘግባለሁ፤ ቀኑን፣ ማን እንደጀመረ፣ ማን እንዳሸነፈ፣ ጠብ ከነበረም ጠቡን።

ባዳቾ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሶዶ አዲስ አበባ አውቶቡስ ነድቷል። በቦዲቲ፣ በሾኔ፣ በአላባ በኩል ያለውን መንገድ ጉድጓዱን ሳይቀር ያውቀው ነበር። የተዋወቅነው ፍርድ ቤት ነው። በአንድ የመኪና አደጋ ክርክር ምስክር ሆኖ ቀርቦ በገዛ ቀጣሪው ላይ እውነቱን ተናገረ፤ በዚያም ጦስ ሁለት ወር ያለ ሥራ ተቀመጠ። ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። እኔ አያቴ ከመንዝ የመጣ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ እሱ የዚሁ አገር ልጅ፣ የጸሎት ቤት ሽማግሌ ነው። ያወዳጀን ያ የምስክርነት ቃል ነው። ሚስቶቻችን ካረፉ ወዲህ ደግሞ ከእሑድ በስተቀር በየቀኑ እሱ ግቢ፣ አቮካዶው ሥር እንቀመጣለን። ሰሌዳችን ከአሮጌ ዴስክ የተቆረጠ ጣውላ ነው፤ መጫወቻችን ቆርኪ። የእሱ ፊታቸውን ወደ ላይ፣ የእኔ ወደ ታች።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ነው። ተራው የእሱ ይሆናል። ቆርኪውን በሁለት ጣቱ ያነሳል። ከዚያ ይቆማል። ዓይኑ እንደተከፈተ ወደ አጥሩ ፈጦ ይቀራል፤ ባዶ አፉን ያላምጣል። ግራ እጁ የሱሪውን ጉልበት እያሻሸ፣ ቆርኪ የያዘው ቀኝ እጁ ግን ድርቅ ይላል። «ባዳቾ፣ ተጫወት እንጂ!» ስለው መልስ የለም። አንድ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ሁለት እንዲህ ይቆያል። ከዚያ በረጅሙ ይተነፍስና ቆርኪውን እነበረበት ይመልሰዋል። ጥቂት ቆይቶም «በል፣ ተራህ ነው» ይለኛል።

መጀመሪያ የሚያሰላስል መስሎኝ ነበር። እያደር ግን ይህ ነገር የሚመጣው ስረታው ብቻ ሆኖ ታየኝ። ሰው አንዴ ከጠረጠረ የሚያየው ጥርጣሬውን ነው። በደብተሬ ላይ «ተራውን ዘለለ፤ ሲጠየቅ ካደ» እያልኩ መጻፍ ጀመርኩ።

የዚያን ቀን ሁለት ንጉሥ አንግሼ ላሸንፈው ጥቂት ሲቀረኝ ያንኑ ደገመው። አልቻልኩም።

«ታጭበረብራለህ!» አልኩት።

«ማ? እኔ?»

«አንተ! ተራህን ትዘላለህ፣ ከዚያ ትክዳለህ። ከጥቅምት ወዲህ አሥራ አንድ ጊዜ። ተጽፏል።»

ባዳቾ ተነሳ። በአንድ እጁ ሰሌዳውን ጠርጎ ቆርኪውን ሁሉ መሬት ላይ በተነው።

«አቶ ወልደመስቀል፣» አለኝ፤ በአርባ ዓመት ውስጥ አቶ ብሎኝ አያውቅም። «ወደ ቤትዎ ይሂዱ።»

ሄድኩ።

አሥራ ሁለት ቀን ተዘጋጋን። በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ከሥራ መውጫ ላይ፣ ልጁ እየሩስ ቤቴ መጣች። የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህርት ናት፤ አባቷን የምትጦረው እሷ ነች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አባዬን ይቅር ይበሉት» አለችኝ። «አላጭበረበረም። እየረሳ ነው።»

እሑድ ዕለት ከጸሎት ቤት ሲወጣ በሩ ላይ ደንዝዞ ቀረ አለችኝ። ሰው ሲያናግረው አይመልስም፤ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ጠፋበት። እሷንም አንድ ሰዓት ለሚያህል ጊዜ በእናቷ ስም ሲጠራት ቆየ። ምሳ ሲቀርብ ግን ደህና ሆኖ «ምን አፍጥጣችሁ ታዩኛላችሁ?» ብሎ ተቆጣ። ማግስቱን አንድ ክሊኒክ ወሰደችው። «እርጅና ነው፤ የመርሳት በሽታ ጀምሮታል» ተባለችና ቫይታሚን ይዛ ተመለሰች። ወንድሟ በእምነት ደግሞ ከአዲስ አበባ ደውሎ ከግቢ እንዳይወጣ በሩን ቆልፊበት አላት።

«ቆለፍሽበት?»

«ዛሬ ጠዋት ቆለፍኩበት» አለችና እንባዋ መጣ። «ቁልፉ ይኸው ቦርሳዬ ውስጥ ነው።»

አፍሬ ነበር፤ እፍረቴን ግን ለኋላ አቆየሁትና ደብተሬን አወጣሁ። ከጥቅምት ወዲህ ስልሳ አራት ጨዋታ ተጫውተናል። ሠላሳ ስምንቱን ያሸነፈው ባዳቾ ነው። አእምሮው የሚከዳው ሰው ሦስት እርምጃ ቀድሞ አይቶ ወጥመድ አይዘረጋም። «ዘለለ» ብዬ የጻፍኩባቸውን ቀኖች ደግሞ ለየኋቸው። በአንድ ቀን ሁለቴ የሆነበት አለ፤ አሥር ቀን ሙሉ ያልታየበት አለ። ስረታው ብቻ ነው ያልኩትም ስሕተት ነበር፤ አምስቱን ጊዜ የሚረታው እሱ ራሱ ነበር። እርጅናን እኔም አውቀዋለሁ፤ አብሮኝ ይኖራል። ሁለት ደቂቃ ገብቶ የሚወጣ እንግዳ አይደለም።

«እየሩስ፣» አልኳት፣ «ይሄ መርሳት አይደለም። ምን እንደሆነ አላውቅም፤ መርሳት ግን አይደለም። ነገ ሐኪም ቤት እንሂድ፤ እኔም በምስክርነት እቀርባለሁ። አሁን ግን ሂጂና በሩን ክፈቺለት።»

በማግስቱ ሦስታችን በአንድ ባጃጅ ተጨናንቀን ሄድን። መሐል ላይ የተቀመጠው ባዳቾ ፊቱን ወደ እየሩስ አዙሯል።

«በድዬሃለሁ» አልኩት።

ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ «አንድ ቆርኪ ጠፍቷል» አለኝ። ይቅር ማለቱ እንደሆነ ገባኝ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ያገኘችን የውስጥ ደዌ ሐኪም ዶክተር ሊድያ ናት፤ ቀጭን፣ ቀልጠፍ ያለች፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። የክሊኒኩን ወረቀት አነበበች፤ እየሩስንም አዳመጠች። ከዚያ ቀና ብላ፣

«ሲሆን በዓይኑ ያየ ማነው?» አለች።

እጄን አወጣሁ። ቆሜ አነበብኩላት፤ አሥራ አንዱንም፣ በየቀኑ፣ በየሰዓቱ። መሐል ላይ ታቋርጠኛለች ብዬ ነበር፤ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ መስቀለኛ ጥያቄ ጀመረች። እኔ ብዙ ጠበቃ አይቻለሁ፤ እንደ እሷ የሚጠይቅ ያየሁት ጥቂት ነው።

«ዓይናቸው ክፍት ነበር ወይስ የተከደነ?»

«ክፍት።»

«የትኛው እጅ ነው የሚያሻሽ?»

«ግራው። ቀኙ ድርቅ ይላል።»

«ሁልጊዜ እንደዚህ ነው? አንድ ቀን እንኳ አልተቀያየረም?»

«አንድም ቀን። ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፣ የተቀረጸ ይመስል።»

«ፊታቸው ይነጣል? ያልባቸዋል? ይዘረራሉ?»

«ኧረ ምንም።»

ብዕሯን አስቀመጠችና ወደ ባዳቾ ዞረች። ባዳቾ አማርኛ ሲናገር ሴትና ወንድ አይለይም፤ ሁሉም ወንድ ነው። «ልጄ፣ አንተ የማን ልጅ ነህ?» አላት። ዶክተሯ ሳቀችና በወላይትኛ መለሰችለት። ከዚያ በኋላ በዚያው ቋንቋ ቀጠሉ፤ ሶዶ ተወልጄ ስላደግሁ እሰማለሁ። እየጠየቀችው ሄዳ ሄዳ አንድ ቦታ ላይ ባዳቾ ቀኝ እጁን ማየት ጀመረ። ከዚያ ልጁን ሳያይ፣ ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ቀኝ እጁ ኩባያ መያዝ እንዳቃተው፣ በሦስተኛው ቀን እንደተወው፣ ለማንም እንዳልነገረ ተናዘዘ።

«አባዬ!» አለች እየሩስ።

«ተወኝ አልኩ እኮ!»

የዚያን ቀን ስኳሩን ለኩ፤ የደም ግፊቱን አስተኝተውም አስቁመውም ለኩ፤ የልቡን ምት በወረቀት አነሱ። የራስ ሲቲ ስካንም ታዘዘለት። ውጤቱን ይዘን ስንመለስ ዶክተር ሊድያ ፊልሙን ወደ መብራቱ አንስታ በጣቷ አሳየችን፤ በአንጎሉ በግራ በኩል ትንሽ የቆየ ጠባሳ አለ። ኩባያውን ያስጣለው እሱ ነው። አሁንም አልፎ አልፎ ከዚያ አካባቢ እሳት የሚጭር ነገር ሳይኖር አይቀርም አለች።

«አባባ፣ የሚጥል በሽታ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።»

ባዳቾ በቁጣ ወንበሩ ላይ ተቃና። «የሚጥል? መች ወደቅኩ? አንድ ቀን ወድቄ አላውቅም!»

«ስሙ ነው የሚያሳስተን» አለችው። «ሁሉንም ሰው አይጥልም። ልጆችን ይይዛል፤ ከዚያ በስተርጅና እንደገና ይበዛል። በእርጅና ሲጀምር ብዙ ጊዜ እንዲህ በዝምታ ነው። ሰውዬው ይደነዝዛል፣ ሲመለስም አያስታውሰውም። ግርታው ደግሞ በሽማግሌ ሰው ላይ ይቆያል፤ አንዳንዴ ሰዓታት። የጸሎት ቤቱ በር ላይ የሆነው እሱ ሊሆን ይችላል። ቤተሰብም ሐኪምም አይቶ መርሳት ይለዋል።»

«ምርመራ የለውም?» አለች እየሩስ።

«የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚያነብ መሣሪያ አለ፤ ለእሱ ሌላ ከተማ ልልካችሁ እችላለሁ። ግን በደህናው ሰዓት ሲነበብ ንጹሕ ሊመስል ይችላል፤ ንጹሕ ቢሆንም የለም ማለት አይደለም። ከዚያ በፊት በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ። ሲመጣባቸው በስልክ ቅረጹልኝ።» ይህን ስትል ያየችው እኔን ነው።

እየሩስ ስልኳን አበደረችኝ፤ አቀራረጹንም አስተማረችኝ። በጠፋው ቆርኪ ፋንታ የእርሳስ መቅረጫ አስቀምጠን ጨዋታችንን ቀጠልን። እንደዚያ ሳምንት ያለ የሚከብድ ጨዋታ ተጫውቼ አላውቅም። እሱ ሕመሙን ይጠብቃል፤ እኔም እጠብቅለታለሁ። ወዳጅ እንዲታመም እየጠበቁ መቀመጥ ደስ አይልም። በአራተኛው ቀን «አንተ ስላፈጠጥክበት ፈርቶ ሄደ» ብሎ ቀለደ።

በስድስተኛው ቀን መጣ። ቆርኪውን አንስቶ ቆመ፤ አፉ ማላመጥ ጀመረ። ስልኩን አነሳሁ። «ቀኑ የካቲት አሥር፣ ሰዓቱ አራት ከሠላሳ አምስት» አልኩ ጮክ ብዬ። ከዚያ ዶክተሯ እንዳዘዘችኝ «ባዳቾ! ስምህ ማነው? ይህ ምንድን ነው?» እያልኩ የእጅ ሰዓቴን ፊቱ ላይ አወዛወዝኩ። ዓይኑ በእኔ በኩል አልፎ አጥሩን ያያል። ያን ጊዜ ነው ያፈርኩት፣ በደንብ ያፈርኩት። አሥራ አንድ ጊዜ እዚሁ ፊቴ ላይ ሄዶ ሲመለስ እኔ ስቆጥርበት የነበረው ጥፋቱን ነው።

በአንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሴኮንድ ተመለሰ። ሰሌዳውን አይቶ «ተራህ ነው» አለኝ።

ስልኩን ሰጠሁት። ራሱን አየ፤ አንዴ ጨርሶ ደግሞ አየው። በመጨረሻ «ይሄ ሰውዬ የት ሄዶ ነው?» አለ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር። «ወልደመስቀል፣ አርባ ስድስት ሰው ጭኜ መሪ ላይ እያለሁ እንዲህ ሆኜ ቢሆንስ?»

«ያኔ አልነበረም። ጠባሳው ያለፈው ክረምት ነው፤ አንተው ነህ የመሰከርከው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ» አልኩት።

ዶክተር ሊድያ ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አየችው። በሦስተኛው አቁማ፣ የደረቀውን ቀኝ እጁንና የሚያሻሸውን ግራ እጁን ለአጠገቧ ሐኪም አሳየች። «በቃ፣ ይሄ ነው» አለች። የሚጥል በሽታ መሆኑን በካርዱ ላይ ስትጽፍ ብዕሯ አላመነታም። መድኃኒቱን በትንሹ ጀመረችለት፤ ለሽማግሌ ትንሽ ይበቃል፣ ሲጨምሩም ቀስ ብሎ ነው አለች። ለደም ግፊቱና ለደም ሥሩም ሌላ አዘዘች። መሰላል ላይ አለመውጣት፣ ገላ ሲታጠቡ በር አለመቆለፍ፣ እሳት አጠገብ ብቻ አለመቀመጥ፣ ተሻለኝ ብሎ ክኒን አለማቋረጥ። ጻፍኩት።

ማታውኑ በእምነት ደወለ። «አባዬ፣ ለሰው አትናገሩ» አለ። «የሚጥል በሽታ ያለበት ቤት ይሉናል። ልጆች አሉን።»

ባዳቾ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ «ልጄ፣» አለው፣ «እኔ ፍሬን ሲበላሽብኝ ለተሳፋሪ ሳልነግር ነድቼ አላውቅም።»

በእሑዱ፣ ከማስታወቂያ በኋላ፣ በጸሎት ቤቱ ፊት ቆሞ ተናገረ። እኔ አልነበርኩም፤ የነገረችኝ እየሩስ ናት። የሆነውን ሳይቀንስ ሳይጨምር አስረዳ፤ ስሙንም ጠራው። ጥቂት ሰዎች ዓይናቸውን ሰበሩ፤ አንዲት ሴት ልጇን ወደ ራሷ ጠጋ አደረገች። በማግስቱ ግን ደገፉ የሚባል ሰው ከአረካ ድረስ መጥቶ አቮካዶው ሥር አገኘን። እናቱ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ እሳቸውም ድንገት ይደነዝዛሉ። ያየውን ሁሉ እንዲጽፍ፣ እንዲቀርጽ ነገርነው። ወደ ዶክተሯ ይዟቸው ሄደ። የእሳቸው ግን ሌላ ሆነ፤ የልብ ምታቸው እየዘገየ ኖሯል። ለማንኛውም ታወቀ፤ ወደሚታከሙበትም ተላኩ።

መድኃኒቱ መጀመሪያ ባዳቾን አንገላታው። ቆርኪ እንደያዘ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ሲነቃ ይቆጣል። ሰባት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፍኩት፤ አንዱም አልጣመኝም። ሁለት ጊዜም ያው ነገር መጣበት። እየሩስ ተስፋ ልትቆርጥ ነበር። እኔ ግን የተኛበትን ሰዓት ጻፍኩ፤ የተቆጣበትን ጻፍኩ፤ ይዘን ሄድን። ዶክተሯ የጠዋቱን ቀንሳ ወደ ማታ አዞረችው። ከፋሲካ በኋላ ድብታው ለቀቀው፤ ያ መደንዘዝም ከሚያዝያ አጋማሽ ጀምሮ አልታየም። የበሩን ቁልፍ አሁን የሚይዘው ራሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ብቻውን እስከ መናኸሪያ ወርዶ ይመለሳል።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ለክትትል ስንሄድ እየሩስ ማስተማር ስለነበረባት ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ የክረምት ትምህርት ጀምራለች። ዶክተር ሊድያ ደብተሬን አገላብጣ ተደሰተች።

«አሁን የሚረሱት ነገር አለ?» አለችው።

«የልጅ ልጆቼን ስም እረሳለሁ» አለ ባዳቾ።

«እሱ እንግዲህ የዕድሜ ይሆናል፤ ለዚያ መድኃኒት የለኝም።»

«በፊትም አላውቀውም ነበር፤ ዘጠኝ ናቸው። አንተ ግን ጎበዝ ሐኪም ነህ።»

«አመሰግናለሁ አባባ» አለች ዶክተሯ። ከስድስት ወር በኋላ ኑ አለችን።

ስንወጣ ዝናቡ አባርቷል፤ ዳሞት ተራራ ግን ገና ደመና እንደለበሰ ነው። ባዳቾ ራበኝ አለና ወደ አንድ ሥጋ ቤት አመራ። ሥጋው ተሰቅሏል፤ ዳታው፣ የሚያቃጥለው የበርበሬ ማባያ፣ በየጠረጴዛው ላይ ቀርቧል። በሩ ላይ ስንደርስ እጁን ያዝኩት።

«ባዳቾ፣ ረቡዕ ነው። ጾም ነኝ።»

ዝም አለ። ዓይኑ ሥጋው ላይ ቀረ። እኔም ሳላስበው ሰዓቴን አየሁ።

«ምን ሰዓት ታያለህ? እያሰብኩ ነው!» አለኝ ተቆጥቶ። ከዚያ ወደ መንገዱ ዞረና ለባጃጅ እጁን አነሳ። «ነገ ሐሙስ ነው። ነገ እንመጣለን። ጥርስህን ሳትረሳ ና።»